ቮልስ ይዘው ዓባይ በረሃን ሲሻገሩ የሞተር ዘይት ሙቀትን መቆጣጠር

ባሕር ዳር ውስጥ ቮልስ የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከተማ ውስጥ ምንም አይል፤ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ግን ይግላል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ዘይቱም እንደ ውሃ ይቀጥናል፤ ምን ይሻላል?» ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሞተሩ ከኋላ ለሆነ፣ በአየር ለሚቀዘቅዝና ባለ ካርቡሬተር ለሆነ ቮልስ ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ከመነሳትዎ በፊት እቤትዎ ደጅ ስለሆነ፣ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይከተሉ።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚወጣ መረዳት ያስፈልጋል። ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት፣ በዲናሞው ዘንግ ላይ የታሰረው ቬንትሌተር በላሜራ ሽፋኑ ውስጥ የሚነፋው አየር እና ከፒስተኖቹ፣ ከክራንክ ዘንጉና ከቫልቮቹ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚያደርሰው ዘይት ናቸው። ዘይቱ በጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ የሚቀዘቅዘውም በዚያው ቬንትሌተር አየር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ጎሐ ጽዮን ደግሞ መሳሳቱ ከአምስት አንድ እጅ ያልፋል። ቬንትሌተሩ የቱንም ያህል ቢዞር፣ የሳሳ አየር ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሚነፋው አየር አንዳች እንዳይባክን ማድረግ የዚህ ሁሉ ሥራ ዋና ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የዘይት ሙቀት መለኪያ ጌጅ ከነሴንሰሩ
- 2.5 ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት፣ ለመንገድ የሚያዝ ተጨማሪ 1 ሊትር
- የዘይት ወንፊቱ ሁለት ጓርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) እና ትንንሽ የመዳብ ቀለበቶች
- የሁለቱ የቫልቭ ሽፋኖች ጓርኒሲዮን
- ትርፍ ቺንጋ (ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ የዲናሞውን ዳዶ የሚፈታ 21 ቁጥር መፍቻ፣ ጠንካራ ካቻቢቴ
- የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት
- የእጅ ባትሪ፣ ረጅም ብሩሽ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ደረቅ ጨርቅ
- አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ፣ ማለትም አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ (ለምን እንደሆነ በደረጃ 2 ይገኛል)

ከጉዞው በፊት

1. ጌጁን ይግጠሙ፤ ከመግጠምዎ በፊት ግን ይፈትኑት። ሴንሰሩ በዘይት መለኪያ ዘንጉ ቦታ የሚገባ ወይም በታችኛው የዘይት ማውረጃ ሽፋን ላይ የሚታሰር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የሚለኩት ከሞተሩ ሠርቶ የተመለሰውን፣ ገና ወደ ማቀዝቀዣው ያልሄደውን ዘይት ስለሆነ የሚያሳዩት ቁጥር ከፍተኛው ነው። ለመፈተን ሴንሰሩን ከጌጁ ጋር በሽቦ ያገናኙ፣ የሴንሰሩን አካል ደግሞ በሌላ ሽቦ ከመኪናው ቦዲ ጋር ያያይዙ፤ ከዚያም ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ ሳይረጥብ አካሉን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ነው። ጌጅዎ 94 አካባቢ ካሳየ ትክክል ነው። 100 ካሳየ ስድስት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ይናገራል ማለት ነው፤ ልዩነቱን ጽፈው ጌጁ አጠገብ ይለጥፉት። የዘይት መብራቱን በጌጅ ምትክ አይቁጠሩት፤ እሱ የሚበራው ግፊቱ እጅግ ከወረደ በኋላ ስለሆነ ስለ ሙቀት አስቀድሞ አያስጠነቅቅም።

2. የአየር ማፈሻዎችን ይድፈኑ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራ ለውበት የተሠራ አይደለም፤ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው የጋለ አየር ይለያል። የኋላውን ኮፈን ከፍተው በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። በላሜራውና በቦዲው መካከል ያለው ጎሚኒ ዙሪያውን ሙሉ ነው? የካንዴላ ሽቦዎቹ ላሜራውን በሚያልፉበት ቀዳዳ ላይ ያሉት አራቱ ክብ ጎሚኒዎች በቦታቸው አሉ? ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቬንትሌተሩ የነፋው አየር በሲሊንደሮቹ መካከል ከማለፍ ይልቅ በቀዳዳው ያመልጣል፤ ጎሚኒው በዙሪያው ሲጎድል ደግሞ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የሚነሳው ሙቀት ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና ይሳባል። የፋብሪካው ጎሚኒ ካልተገኘ የጎማ ከመነዳሪ በልኩ ቆርጦ መግጠም በቂ ነው፤ እኔ ራሴ ለዓመታት የተጠቀምኩት በዚሁ ነው። ቀጥሎም ከመኪናው ሥር ገብተው፣ ከሲሊንደሮቹ ግርጌ አየሩን የሚያጥፉት ትንንሽ ላሜራዎች መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ እነዚህን ማስቀረት የተለመደ ስንፍና ነው።

በሽፋኑ ውስጥ ያሉትን የአየር በሮችና በስተቀኝ ከሲሊንደሮቹ ሥር ያለውን ቴርሞስታት በዚሁ አጋጣሚ ይመልከቱ። ቴርሞስታቱ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሲሞቅ ተዘርግቶ በሮቹን መክፈት አለበት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሮቹ ካልተከፈቱ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

3. ቆሻሻውን ያውጡ። ከቫልቭ ሽፋኖቹና ከግፊት ዘንግ ቱቦዎቹ የሚያንጠባጥበው ዘይት በሲሊንደሮቹ ክንፎች ላይ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በሽፋኑ ውስጥ፣ በግራ በኩል ከፊት ካለው 3ኛ ሲሊንደር በላይ ነው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሲደፈን ዘይቱ ብቻ ሳይሆን፣ የተረፈው አየር ሞቆ የሚደርሰው 3ኛው ሲሊንደርም ይጎዳል። (በኋለኞቹ ሞተሮች ማቀዝቀዣው ከዋናው የአየር መንገድ ወጥቶ የራሱ አየር ስለተመደበለት ችግሩ ይቀንሳል።) ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በናፍጣ በተነከረ ብሩሽ ያለሰልሱ፣ ከዚያ በጋራዥ ኮምፕሬሰር ከታች ወደ ላይ ያስነፉ፤ ከላይ ወደ ታች ከተነፋ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሰነቀራል። መኪናው ለወራት ቆሞ ከነበረ የአይጥ ጎጆ በሽፋኑ ውስጥ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽፋኑን ማንሳት ካስፈለገ ሥራውን ለመካኒክ ይስጡ።

4. ቺንጋውን ይመርምሩ። ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም የሚያዞረው ይኸው አንድ ቺንጋ ነው። መካከሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚህ በላይ ከረገበ በዳገት ላይ ይንሸራተትና ቬንትሌተሩ ዙሩን ያጣል፤ ከዚህ በታች ከጠበቀ የዲናሞው ኩሽኔታ ያልቃል። የተሰነጠቀ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ ይቀየር።

5. የቫልቭ ክፍተትንና ማቀጣጠያውን ያስተካክሉ። ክፍተቱ የሚለካው መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ለአብዛኛዎቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንዳንድ ቀደምት ሞተሮች 0.10 ስለሆነ የሞተርዎን ቁጥር ይዘው ያረጋግጡ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሮቹ ክዳን) የሚያስተላልፈው በመቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ክፍተቱ ሲጠብ ሳያርፍ ይቀርና ይቃጠላል። የማቀጣጠያው ሰዓት ዘግይቶ ከሆነም ነዳጁ እየነደደ ስለሚወጣ ቴስታታውና ዘይቱ አብረው ይግላሉ።

6. ዘይቱን ይቀይሩ። ሞተሩን አሙቀው ያፍስሱ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ተሸክሞ ይወጣል። ቮልስ እንደ ሌሎች መኪኖች ተቀያያሪ ፊልትሮ ስለሌለው የታችኛውን ክብ ሽፋን ፈትተው ወንፊቱን በናፍጣ ያጥቡ፣ በወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ መኖር አለመኖሩንም ይመልከቱ። ፍርፋሪ ካዩ ጉዞውን ይሰርዙ። ሽፋኑን ሲመልሱ ጓርኒሲዮኖቹንና የመዳብ ቀለበቶቹን በአዲስ ይተኩ፤ ስድስቱን ትንንሽ ዳዶዎች በአጭር መፍቻ ቀስ ብለው ያጥብቁ፤ ከ7 ኒውተን ሜትር በላይ ከጠበቁ ቡሎኖቹ ለስላሳ ከሆነው የሞተር አካል ተነቅለው ይወጣሉ። ከዚያ 2.5 ሊትር ይሙሉ። ለዚህ መንገድ «ሃያ ሃምሳ» (20ደብሊው-50) በሚል የሚሸጠው ዘይት ተስማሚ ነው። ልኩን የሚያዩት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ ካለፈው በኋላ ነው፤ ከላይኛው ምልክት አይለፍ።

ዘይቱን ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን የግፊት መቆጣጠሪያ ፒስተንም ያውጡት። ከሞተሩ ግርጌ በቺንጋው በኩል፣ ሰፊ መሰንጠቂያ ባለው ትልቅ ቡሎን የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ስፕሪንግና ትንሽ ፒስተን አሉ። ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍራም ሲሆን ግፊቱ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋና ዘይቱ ማቀዝቀዣውን ሳይነካ ያልፋል፤ ሲሞቅ ፒስተኑ ወደ ላይ ተመልሶ ዘይቱን በማቀዝቀዣው በኩል ያስገድደዋል። ታች ላይ ከተጣበቀ ግን ዘይቱ ቢግልም ወደ ማቀዝቀዣው አይሄድም፤ «ሁሉን ነገር አስተካክዬ አሁንም ይግላል» የሚሉኝ ሰዎች ዘንድ ከምጠረጥራቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። ፒስተኑ በጣት ሲገፋ ያለ ችግር መውጣትና መግባት አለበት። ሁለት መቆጣጠሪያ ያላቸው ሞተሮችም ስላሉ ሁለቱንም ይፈትሹ።

7. ባሕር ዳር ዙሪያ ይሞክሩት። በቀትር ወደ ወረታ ይንዱ፤ ከከተማው እስከዚያ ያለው መንገድ በአብዛኛው ሜዳ ስለሆነ በ4ኛ ማርሽ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይዘው ግማሽ ሰዓት ሲሄዱ ጌጁ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ከረጋ መልካም ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ 105 ከደረሰ ዓባይ በረሃን አያስቡት፤ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ከተሳካ ከአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር የሚያወጣውን ዳገት ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጥተው ጌጁ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነሳ ያስተውሉ፤ ይህ የመኪናዎን ጠባይ ከማንም ምክር በላይ ያሳውቅዎታል።

በጉዞው ዕለት

8. በረሃውን በማለዳ ይሻገሩ። የዘይቱ ሙቀት ከውጭው አየር ሙቀት ጋር በተቀራራቢ መጠን አብሮ ይወጣል፤ አየሩ በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ዘይቱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ከባሕር ዳር ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢነሱ በቡሬም ሆነ በሞጣ በኩል ደጀን የሚደርሱት ቀትር ላይ ነው፤ ይህም ማለት ቆላው ውስጥ የሚገቡት በከፋው ሰዓት ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን አድረው በማግሥቱ ሲነጋ መውረድ ይሻላል። ከመነሳትዎ በፊት ዘይቱን ይለኩ፤ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ምንም ልቅ ነገር አለመኖሩንም ያረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ ራሴ የረሳሁት መጥረጊያ ጨርቅ በቬንትሌተሩ አፍ ተስቦ ገብቶ፣ ከዳንግላ አልፌ ጌጁ በሜዳ ላይ ወደ 115 ሲወጣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምክንያቱን ስፈልግ ቆይቻለሁ።

9. ቁልቁለቱን ለማቀዝቀዣ ይጠቀሙበት። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ይወርዳሉ። በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ይውረዱ፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል፣ ቬንትሌተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ የሚነድ ነዳጅ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። ማርሹን ነጻ አድርገው ከወረዱ ቬንትሌተሩም ዙሩ ይቀንሳል፣ ፍሬኑም ብቻውን ተሸክሞ ይግላል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጌጁ ከ85 በታች ቢሆን ለዳገቱ ጥሩ መነሻ ነው።

10. ዳገቱን በዙር እንጂ በጉልበት አይውጡት። በ3ኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ በደቂቃ 1,900 ዙር ያህል ብቻ ይዞራል፤ በ2ኛ ማርሽ በዚያው ፍጥነት 3,000 ዙር ግድም ይደርሳል። የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ቬንትሌተሩ የሚነፋው አየር ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፣ የዘይት ፖምፓውም እንዲሁ። ስለዚህ ሞተሩ ማቃሰት ሳይጀምር አስቀድመው ወደ 2ኛ ይቀይሩ፣ ከ35 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይያዙ፣ ነዳጁን ከግማሽ በላይ አይርገጡ። ከፊትዎ በ1ኛ ማርሽ የሚንፏቀቅ የጭነት መኪና ካለ ጀርባው ላይ ተለጥፈው የጋለ ጭሱን ከመሳብ ሰፊ ቦታ ላይ ወጥተው ርቀት እንዲፈጠር ይጠብቁ።

11. በጌጁ ቁጥር ይመሩ።
- እስከ 100 ዲግሪ፦ ይቀጥሉ።
- ከ100 እስከ 110፦ ለዳገት የተለመደ ነው፤ ነዳጁን ግን ቀለል ያድርጉ።
- ከ110 እስከ 120፦ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የሚቆሙበት ቦታ መፈለግ ይጀምሩ።
- ከ120 በላይ፦ ከመንገድ ወጥተው ይቁሙ፤ ቺንጋው ደህና ከሆነና የዘይት መብራቱ ካልበራ ሞተሩን አያጥፉት። በደቂቃ 1,500 ዙር ያህል እንዲዞር ነዳጁን በትንሹ ረግጠው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ሲያጠፉት ቬንትሌተሩም ስለሚቆም በቴስታታው ውስጥ ያለው ሙቀት መውጫ አጥቶ ወደ ዘይቱ ይመለሳል። ጌጁ ከ100 በታች ሲወርድ ይቀጥሉ።

ማስጠንቀቂያ

የዲናሞው ቀይ መብራት እየነዱ ሳለ ከበራ ወዲያውኑ ቆመው ሞተሩን ያጥፉ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ በዳገት ላይ ሞተሩን ለማበላሸት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የዘይት ግፊት መብራት (በብዙዎቹ አረንጓዴ ነው) ከበራም እንዲሁ ያጥፉ። ከላይ «አያጥፉት» ያልኩት ለእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች አይሠራም።

በጋለ ሞተር ላይ ውሃ አያፍስሱ። ራዲያተር ያላቸው መኪኖች ውሃ ሲሞሉ አይተው በጆግ ይዘው የሚመጡ ደግ ሰዎች አይጠፉም፤ አመስግነው ውሃውን ለራስዎ ይጠጡት። የጋለ ቴስታታ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

የተለመዱ ስህተቶች

የኋላውን ኮፈን በእንጨት ደግፎ ከፍቶ መንዳት በብዛት ይታያል፤ በሥሩ የሚገባው ከማርሚታው የተነሳ የጋለ አየር ሊሆን ስለሚችል፣ በደረጃ 2 የደከሙበትን መለያ ያፈርሳል። ዘይት ቀጠነ ብሎ የማርሽ ዘይት ወይም እጅግ ወፍራም ዘይት መጨመርም አይገባም፤ ወፍራም ዘይት ግፊቱን ከፍ አድርጎ የግፊት ፒስተኑን ስለሚከፍት ማቀዝቀዣውን ሳይነካ ያልፋል። «ይበርክትለት» ብሎ ከምልክቱ በላይ ዘይት መሙላት ደግሞ ዘይቱ እንዲያረፋና በየጓርኒሲዮኑ እንዲወጣ ያደርጋል። አቧራማ መንገድ የሚበዛበት ሰው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በየ2,500ው ቢቀይር ይሻላል።

ቺንጋ መንገድ ላይ ቢበጠስ

ሞተሩ እጅ እስኪያስነካ ይጠብቁ። በዲናሞው ፑሌጃ ጠርዝ ላይ ባለው ስንጥቅ ካቻቢቴውን አስገብተው እንዳይዞር ይያዙት፣ በ21 ቁጥር መፍቻ ዳዶውን ይፍቱ። የፑሌጃው ፊት ሲነሳ በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ቀለበቶች ያገኛሉ፤ ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። አዲሱን ቺንጋ አስገብተው ቀለበቶቹን ይመልሱ፤ ከረገበ አንድ ቀለበት ከመካከል ያውጡ፣ ከጠበቀ ይጨምሩ። የተረፉትን ቀለበቶች ከዳዶው ሥር በውጭ በኩል ይደርድሯቸው፤ ኪስ ውስጥ የገባ ቀለበት ሲፈለግ አይገኝም። ዳዶው ሲጠብቅ ቺንጋው በፑሌጃው መካከል እንዳይቆነጠጥ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ያጥብቁት። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ጉዞ ስለሚለጠጥ ፍቼ ሲደርሱ ቆመው 15 ሚሊ ሜትሩን እንደገና ይለኩ።